ጨረቃዋ ሳትታይ ማለቅ ያለበት ሥራ

በሻዕባን ወር መገባደጃ መርካቶን የረገጠ ሰው ረመዳን መቃረቡን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ ማየት አያስፈልገውም። የተምር ካርቶን በየደጁ ተደርድሯል። በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ያሉ ሱቆች ጀለቢያውንና ሂጃቡን፣ ቆቡንና ሽቶውን፣ መስገጃውን ወደ ፊት አውጥተዋል። ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ እናቶች የዱቄትና የዘይት ዋጋ ያጠያይቃሉ፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘይት እያጠጣ ነው። እኛ ቸርቻሪዎችም ከአንዱ አከፋፋይ ወደ ሌላው እንመላለሳለን። መንገድ ላይ ስንገናኝ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ "ተዘጋጃችሁ?" መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ዕቃ ሞልተናል።"

ይህ መልስ አያጠግበንም። ዕቃ መሙላት የዝግጅቱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ገንዘብ ወይም የሚያምነው አከፋፋይ ያለው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ከባዱ፣ ጨረቃዋ ከመታየቷ በፊት ተቀምጦ መወሰኑ ነው። ስንት እንሠራለን? ከስንት በላይስ አንሠራም? በዱቤ የምንሰጠው ለማን ነው፣ እስከ ስንት ድረስ? ዋጋችን የት ላይ ይቆማል? ሠራተኛው የት ያፈጥራል? እነዚህን በሻዕባን ያልመለሰ ነጋዴ በረመዳን ግርግሩ ይመልስለታል። ግርግር ደግሞ ለሌባ እንጂ ለሒሳብ አይመችም።

ነገሩን አጥብቀን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአነስተኛ ነጋዴ ረመዳን የዓመቱ ትልቁ ገበያ የሆነውን ያህል የዓመቱ ትልቁ አደጋም ነው። አስመጪው ተምር ቢተርፈው መጋዘን አለው፤ ሌላ ዕቃ ሸጦ ይጠብቃል። የእኛ ካፒታል ግን ያው የቤት አስቤዛው፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የሱቅ ኪራዩ ነው። ለኢድ ማግስት ተደርድሮ የቀረ ካርቶን የታሰረ የቤት ኪራይ ነው። ሁለተኛው ኪሳራ ደግሞ በደብተር አይጻፍም። ወሩን ሙሉ ሲሯሯጥ የከረመ ነጋዴ ተራዊህ እያመለጠው፣ ቁርኣኑን ሳይገልጥ፣ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ቀን ተረጋግቶ ሳያፈጥር ኢድ ይደርስበታል። ገንዘቡም ወሩም የተበላበት ነጋዴ በየሰፈሩ አለ።

እስቲ በመጀመሪያ የዘንድሮው ገበያ ምን እንደሚመስል እንይ። የሒጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ረመዳን በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በ2017 የካቲት 22 ሲገባ ዐቢይ ጾም ከተጀመረ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ዘንድሮ በ2018 ደግሞ ሁለቱ ጾሞች የሚገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ይህ ማለት ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ትቶ ምስር፣ ሽሮ፣ ዘይትና አትክልት ፍለጋ ወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ገበያ ላይ ሁለት ጾመኛ ይሸምታል። ሽንኩርትና ዘይት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለት ወገን ሲፈለጉ ምን እንደሚሆኑ ለነጋዴ አይነገረውም።

ዕድሉም ግን እዚያው ነው። የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ የወጡ እናትና ለኢፍጣር የሚቸኩል ወጣት ከአንድ መጥበሻ ሊገዙ ይችላሉ። የሥጋ ሳምቡሳ ብቻ ያሰበ ሰው ግማሹን ገዢ ሳያውቀው አሳልፏል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት የምስሩን ጠብሶ "የጾም ነው" ብሎ መሸጥ አይሆንም። ጾመኛው ቢያውቅ አይገዛም፤ ባያውቅ ደግሞ የእሱን ጾም ያስፈታነው እኛ፣ ስለ ራሳችን ጾም የምንጨነቀው ሰዎች ነን። ወይ ሁለት መጥበሻ፣ ወይ አንዱን ዓይነት መተው ነው። ወተትና እርጎ የሚሸጡ ወንድሞችና እህቶች ሒሳቡን በተቃራኒው ያስሉ።

ያምናው ደብተር ይጠቅማል፤ ግን ገበያው ከሥሩ እየተንቀሳቀሰ መሆኑ አይረሳ። ረመዳን በዚህ አካሄድ በ2021 ወደ ጥምቀት ሰሞን፣ በ2022 ወደ ገና ሰሞን ይጠጋል። ያን ጊዜ አንደኛው ቤት ጾም ሲጀምር ሌላኛው ቤት ጾም እየፈታ ዶሮና ቅቤ ይገዛል። የየዓመቱን ሽያጭ የሚጽፍ ነጋዴ ከዕቃው ስም አጠገብ "ጾሞቹ ገጥመው ነበር" ወይም "አልገጠሙም" የሚል አንድ ቃል ቢጨምርበት በኋላ ራሱን ያመሰግናል።

ሳምቡሳን ካነሳን እዚሁ ትንሽ እንቆይ፤ የወሩ ንግድ ጠባይ ሁሉ በእሷ ላይ ይታያልና። ሳምቡሳ በረመዳን ቀኑን ሙሉ አይሸጥም። ገዢው ከዐስር ሶላት በኋላ፣ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ከ11 ሰዓት ወዲያ ይጎርፋል፤ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ መግሪብ ሲደርስ መንገዱ ጭር ይላል። የቀኑ ገቢ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሰብስቦ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄው "ስንት ሰው ይገዛናል?" ሳይሆን "በሁለት ሰዓት ስንት እንጠብሳለን?" ነው። እንበልና አንድ መጥበሻ በአንድ ጊዜ 20 ሳምቡሳ ይይዛል፤ አንዱ ዙር በስሎ እስኪወጣና ዘይቱ እንደገና እስኪግል 6 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 10 ዙር ማለት ነው፤ 200 ሳምቡሳ። በሁለት ሰዓት 400።

ለ800 የሚሆን ሊጥ የለወሰ ሰው እንግዲህ ሁለት ምርጫ ይቀረዋል። ወይ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ጠብሶ የቀዘቀዘና ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ ይሸጣል፤ ወይ ዙሩን አፍጥኖ ላዩ የጠቆረ ውስጡ ሊጥ የሆነ ያወጣል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚባለው ይኼኔ ነው። ሁለቱም መንገዶች ደንበኛውን በማግስቱ ወደ ጎረቤት ይልኩታል። ሁለተኛ መጥበሻ የሚቆምበት ቦታ፣ ሁለተኛ ምድጃና ሁለተኛ ጠባሽ ካለ 800 ይቻላል። ከሌለ 400ውን አሳምሮ መሥራት ነው፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ "አለቀ" ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንዲያውም ነገ ቀደም ብሎ የሚመጣ ገዢ ያተርፋል።

በዚህ ላይ የጨው ጉዳይ አለ። ጠባሿ ጾመኛ ናት፤ እንደ ሌላው ጊዜ ቀምሳ አታስተካክልም። (ምግብ የሚሠራ ሰው በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ ችግር የለውም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ያንን ለኡለማዎቻችን እንተወው።) መላው ከረመዳን በፊት አንድ ቀን ሠርቶ፣ ቀምሶ፣ ለአንድ ኪሎ ምስር ስንት ማንኪያ ጨው፣ ስንት ራስ ሽንኩርት፣ ስንት ቃሪያ እንደገባ መጻፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ወሩን ሙሉ እየሰፈሩ መጨመር ብቻ ይቀራል። ሾርባውም እንዲሁ። ይህን ያደረጉ ቤቶች ሳምቡሳቸው በመጀመሪያው ቀንም በሃያ ሰባተኛውም አንድ ዓይነት ነው፤ ጠባሿ ብትታመም እንኳ እህቷ ወረቀቱን አይታ ትሠራለች።

ልብስ ሰፊው ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ሳምቡሳ ቢበላሽ የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው። የልጅ የኢድ ልብስ ግን በዋዜማው ሌሊት ካልደረሰ መተኪያ የለውም። ልጁ ጠዋት ከእኩዮቹ ጋር ወደ ሶላት የሚወጣው በአሮጌ ልብስ ነው፤ አባቱም ያንን ሱቅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የችግሩ ምንጭ የታወቀ ነው፤ ጨርቅ ይዞ የመጣ ሁሉ "ይደርሳል ወይ?" ሲል "ኢንሻአላህ" ይባላል። ኢንሻአላህ ግን አላህ ከፈቀደ እናደርሳለን የሚል የቁርጠኝነት ቃል ነው። ሰፊው ራሱ እንደማይደርስ እያወቀ የሚጎትተው መሸፈኛ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

እዚህም ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። በቀን ሦስት ጀለቢያ የሚጨርስ ሰፊ በ25 የሥራ ቀን 75 ይሰፋል። መብራት የሚጠፋበትን፣ የሚታመምበትን፣ "ጠበበኝ፣ ረዘመብኝ" ተብሎ ለሚመለሰው የሚያጠፋውን ቀን ሲቀንስ ወደ 60 ይወርዳል። እንግዲያው ስልሳኛውን ሲቀበል ደብተሩን ይዝጋ፤ በሩ ላይም "ለኢድ የሚደርስ ተቀብለን ጨርሰናል" ብሎ ይለጥፍ። ገንዘብ ይዞ የቆመን ሰው መመለስ ሆድ ያባባል፤ እናውቃለን። ግን የተመለሰው ሰው በሚቀጥለው ዓመት በሻዕባን ይመጣል፤ የተዋሸው ግን አይመጣም። ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ደግሞ አሁን ይገዛ። ወሩ ሲገፋ ሰፊ ሁሉ የሚፈልገው ያንኑ ነጭ ክር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አብዛኞቻችን የምንነሳው በዕቁብ ነው። ዕጣው በሸዋል ከወጣ ለረመዳን ገበያ ምን ይረባል? "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" እንዲሉ፣ ዕቁቡ ሲጀመር ለዳኛው ጉዳዩን አስረድቶ የረመዳን ሥራ ከሌለው አባል ጋር ተራ መለዋወጥ ይቻላል። የሌላውን ዕጣ በቅናሽ መግዛቱ ግን ወለድ ወለድ ስለሚሸት ሙስሊሙ ነጋዴ ሳይጠይቅ ባይገባበት ይሻላል። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትም ዛሬ ሩቅ አይደለም፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን፣ ሌሎቹም ባንኮች ለብቻው መስኮት ከፍተዋል። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ይሸጥልናል፤ እኛ በጊዜ ከፋፍለን እንከፍላለን። ንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ዋስትናው እስኪሟላ ግን ረመዳን አይጠብቅም። ለከርሞ ያሰበ በረጀብ ይጀምር።

የሚበዛው ሰው ግን "ሸጠህ ትከፍለኛለህ" ባይ አከፋፋይ ላይ ነው የሚደገፈው። ደግ ነገር ነው፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ ከመጫኑ በፊት ይቅደም፤ "ያልተከፈተ ካርቶን ከኢድ በፊት ብመልስ ትቀበለኛለህ?" እሺ ካለ ስጋቱ ተካፍሏል። እምቢ ካለ የሚወሰደው መጠን ይቀነስ። በእኛ አስተያየት ተምርን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መግዛት ይበጃል፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ወሩ ሲጋመስ። ሁለተኛው ዙር ትንሽ ሊወደድ ይችላል። ይወደድ። በግማሹ ላይ ጥቂት ብር መጨመር የማይሸጥ ክምር ታቅፎ ከመቅረት ይቀላል።

ስለ ዱቤም እንነጋገር። "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" የሚለውን ጽሑፍ በየሱቁ አይተን ስቀናል። በረመዳን ግን ጽሑፉ አይሠራም። ለኢፍጣር ሩብ ሰዓት ሲቀር ጎረቤት ግማሽ ኪሎ ተምርና አንድ ሊትር ዘይት "እስከ ደመወዝ" ብትል ማን እምቢ ይላታል? ማለትም የለበትም። መፍትሔው ከወሩ በፊት "የዚህ ሱቅ ዱቤ ይህን ያህል ነው" ብሎ መመደብና እያንዳንዱን መጻፍ ነው። መጻፉ አለማመን አይደለም፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው መሆኑን ብዙዎቻችን በመድረሳ ተምረናል። ከአንዳንዱ ሰው ዕዳው እንደማይመለስ ስንሰጥ ልባችን ያውቃል። ያንን ገና ስንሰጠው ሰደቃ ብለን ብንሰጠው እሱም አይሸሸን፣ እኛም ደብተር እያገላበጥን አንበግንም።

ዘካን በተመለከተ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመናል። ለዘካ ሲል የንግድ ዕቃውን የሚቆጥር፣ ያለበትን ዕዳ የሚያሰላ፣ ከዚያም ሁለት ነጥብ አምስት በመቶውን የሚያወጣ ሰው የሒሳብ ባለሙያ የሚለምነውን ሥራ ሳይነገረው ሠርቷል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት በረመዳን መጨረሻ፣ በድካም ላይ ነው። ቆጠራውን በሻዕባን ማድረግ ምን ይከለክላል? ካምና የተረፈው ሂጃብ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው አዲስ ከመግዛት በፊት ሲቆጠር ነው።

ክፍያው በቴሌብር ሲሆን በግርግሩ ሰዓት የገዢውን ስልክ አይቶ ማሳለፍ ይቅር። መልእክቱ በራሳችን ስልክ ላይ ሲገባ ብቻ ዕቃው ይሰጥ። ለዚህ ሥራ አንድ ታዳጊ ቢመደብ ወጪውን ይመልሳል።

ዋጋ ላይ ሐሳባችን ቁርጥ ያለ ነው። ዘይትና ሽንኩርት በጅምላ ሲጨምር ቸርቻሪው መጨመሩ አይቀርም፤ ሸማቹም ይህን ያውቃል። የሚቆረቁረው በሻዕባን በረከሰው የገዛነውን በረመዳን በሚወደደው ዋጋ ስንሸጥ ነው። "ገበያው ነው" ይባላል። ገበያው እኛ ነን። ትርፋችንን በሻዕባን ወስነን ዋጋውን በር ላይ ብንለጥፍ፣ ይህ በሕግም የሚጠበቅብን ነው፣ በሃያኛው ቀን ሰልፍ አይተን እጃችን አያሳክከንም። መጠኑ እንዳያሳስት ሚዛኑም ይፈተሽ።

የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ላይ ሁሉም ነገር ይደራረባል። ገበያው የሚደራው መስጂዱ በሚሞላበት ሌሊት ነው። ለይለተል ቀድር የምትፈለገው ጀለቢያው በሚሸጥባት ምሽት ነው። ይህን ግጭት ማንም አይፈታልንም፤ ግን በተራ ማካፈል ይቻላል። ወንድማማቾች፣ ባልና ሚስት፣ ባለሱቅና ሠራተኛ ሌሊቶቹን በወረቀት ይካፈሉ፤ ዛሬ አንተ ተራዊህ፣ ነገ እኔ። ሠራተኛው ጾመኛ መሆኑም አይዘንጋ። ከጠዋት እስከ መግሪብ ምድጃ ፊት ያቆምነውን ልጅ በአንድ ተምርና በአንድ ብርጭቆ ውኃ አስፈጥረን ወዲያው ወደ ሽያጭ መመለስ ግፍ ነው። ከመግሪብ በኋላ ሱቁን ግማሽ ሰዓት መዝጋት ብዙ አያጎድልም፤ ያን ጊዜ ገዢውም በየቤቱ ማዕድ ላይ ነው። ክርስቲያን ሠራተኛ ያለው ባለሱቅ ደግሞ እድለኛ ነው፤ በኢፍጣር ሰዓት በሩን እሱ ይይዛል፣ እኛም በስቅለትና በፋሲካ እንመልስለታለን። በአዲስ አበባ ሱቆች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ኢድ ሲያልፍ ገበያው በአንድ ሌሊት የሚሞት የሚመስላቸው አሉ። አይሞትም፤ ይቀዘቅዛል። የሸዋልን ስድስት ቀን የሚጾም ብዙ ሰው ስላለ ተምርና ሳምቡሳ ጥቂት ይቀጥላሉ። ሐረር ላይማ ጭራሹን ሌላ ነው፤ እነዚያ ስድስት ቀናት ሲያበቁ ሸዋል ኢድ ይከበራል፤ በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይኸው በዓል ነው። የሐረር ነጋዴ ዕቃውን ለሁለት በዓል አድርጎ ይክፈለው። የሌላው ከተማ ነጋዴ ግን የተረፈውን ተምር ለሸዋል ጾመኛ በትንሽ በትንሹ እየመዘነ ያውጣ፤ ለከርሞ ብሎ ያስቀመጠው ይደርቃል፣ ይነቅዛል።

ደንበኞቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለልጆች የሚሰፋ ጨርቅ ካላችሁ እስከ ረመዳን አሥረኛው ቀን አምጡት፤ ልኬቱን ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ አስለኩ። ለመስጂድ ወይም ለችግረኞች ኢፍጣር ብዛት ያለው ሳምቡሳ የምታዙ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ንገሩን፤ ግማሽ ክፍያም ስጡን። ዱቄቱን በልኩ እንገዛለን፣ ትኩሱንም በሰዓቱ ታገኛላችሁ።